ኢንተርኔት ላይ የወጣ ዘፈን መጀመሪያ የታተመው የት አገር ነው?

አንድ ዘፋኝ ዛሬ ማታ ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ እንበል። ደቂቃ ሳይሞላ አዲስ አበባም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም ይሰማል። ታዲያ ዘፈኑ መጀመሪያ የታተመው የት አገር ነው? የጠበቆች ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን በዚሁ ጥያቄ የተነሳ ክስ የተሸነፈ አለ።

(ምስል፦ የድሮ ማተሚያ ማሽን)

የደራሲያንን መብት ከሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ውል፣ ከበርን ስምምነት፣ እንነሳ፤ ዓመተ ምሕረቱ 1886 ነው። (የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛው አዋጅ ሲደርስ እነግራችኋለሁ።) ስምምነቱ አባል አገሮችን የውጭውን ደራሲ ሥራ እንደ ራሳችሁ ደራሲ ሥራ ጠብቁ፣ አስመዝግብ ብላችሁም አታስቸግሩት ይላል። አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ ዳር ቆማ ቆይታ በ1989 ገባች። ስትገባም ግማሽ መንገድ ብቻ ሄደች፦ የውጭ ሥራ ሳይመዘገብም መክሰስ ይቻላል፣ «የአሜሪካ ሥራ» ግን ካልተመዘገበ ክስ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የታተመበት አገር የፍርድ ቤቱን በር ይከፍታል፣ ይዘጋልም።

(ምስል፦ ሁለት የፍርድ ቤት ሕንጻዎች ጎን ለጎን)

በ2009 በአሜሪካ የደላዌር ግዛት ፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀረበለት። ከሳሹ ስዊድናዊ ፎቶ አንሺ ነው፤ ሥራዎቹ የወጡት በጀርመን ድረ ገጽ ላይ ነበር። ተከሳሾቹ «ኢንተርኔት ላይ ከወጡ አሜሪካም ታትመዋል፣ ስለዚህ ይመዝገቡ» ሲሉ ተከራከሩ። ዳኛው አልተቀበሉም። እንዲያ ከሆነ አንድ ፎቶ ባንድ ቀን የሁሉም አገር ሥራ ይሆናል፣ ባለቤቱም የየአገሩን ፎርማሊቲ (እንደ ምዝገባ ያለውን ሥርዓት) ሊያሟላ ነው።

ሁለት ዓመት ሳይቆይ የፍሎሪዳ ፍርድ ቤት ተቃራኒውን አለ። ከሳሹ አንድ የፊንላንድ ኩባንያ ነው፤ ታዋቂው ፕሮዲዩሰር ቲምባላንድ የአንድ ኖርዌያዊን የኮምፒውተር ሙዚቃ ወስዷል ብሎ ከሰሰ። ሙዚቃው የወጣው በ2002 በአውስትራሊያ የዲስክ መጽሔት (በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር ፋይል የሚወጣ መጽሔት) ነው። ፍርድ ቤቱ፦ ኢንተርኔት ላይ የወጣ በዓለም ሁሉ በአንዴ ታትሟል፣ ስለዚህ የአሜሪካ ሥራ ነው፣ አልተመዘገበም፤ ክሱ ውድቅ! ይግባኝ ሰሚው በ2012 ውጤቱን አጸና፣ ምክንያቱን ግን ቀየረው። ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ ብቻ አይበቃም አለ። ድረ ገጹ ለሁሉ ክፍት ነበር? በክፍያ ነበር? ወይስ በኢሜይል የተላከ? ከሳሹ ሙዚቃው በዲስክ ይውጣ በኢንተርኔት እንኳ በቅጡ ማስረዳት አልቻለም።

እኔ የደላዌሩ ያሳምነኛል። ግን የፍሎሪዳው ሐሳብ የሚጠቅመው ሰውም አለ። በበርን ስምምነት አንድ ሥራ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ በሌላ አገር ከታተመ እኩል እንደታተመ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ መውጣት በየአገሩ መታተም ከተባለ፣ አባል ካልሆነ አገር የመጣ ደራሲም በዚሁ ቀዳዳ ከለላ ሊያገኝ ይችላል። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኼ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ ኢትዮጵያ የታተመን ሥራ የደራሲውን ዜግነት ሳይጠይቅ ይጠብቃል።

(ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ እየተጫወተ ያለ ዘፈን)

ቆይ፣ ስትሪሚንግስ ማተም ነው? በርን እንደሚለው ሙዚቃ መጫወት ወይም በሬዲዮ ማሰራጨት ማተም አይደለም፤ ቅጂው ሕዝብ እጅ መግባት አለበት። ዳውንሎድ የሚደረግ ዘፈን ወደ ቅጂ ይጠጋል፤ የሚደመጥ ብቻ ከሆነ ደግሞ ወደ ሬዲዮ። እንግዲያው ሚሊዮኖች ያደመጡት ዘፈን በሕግ ዓይን «ያልታተመ» ሊባል ይችላል ማለት ነው። ያልታተመ ሥራ በአሜሪካ ሕግ «የአሜሪካ» የሚባለው ደራሲዎቹ በሙሉ የአሜሪካ ዜጎች ወይም ነዋሪዎች ሲሆኑ ነው። ዘፋኙ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሆኖ ሥራውን አብሮት የደረሰው ኢትዮጵያዊ አዲስ አበባ ከተቀመጠ፣ ሳያስመዘግቡም መክሰስ ይችላሉ። በአሜሪካ ሕግ የተቆረጠውን ካሳና የጠበቃ ወጪ ለመጠየቅ ግን የውጭ ሥራም ቢሆን ጥሰቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም ከታተመ በሦስት ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት።