«የጣሊያን ጊታር ነው» ሲሏችሁ

[ምስል፦ የጎንደር ፒያሳ፤ ቀጥሎ ስም ያልተጻፈበት አሮጌ ጊታር]

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ነገር ሁሉ የጣሊያን ነው። በሩ የጣሊያን፣ ካዝናው የጣሊያን፣ የልብስ ስፌት መኪናው የጣሊያን። አይፈረድብንም፤ ፒያሳን የሚያህል ምስክር ቆሞልን። እናም ቅዳሜ ገበያ ስም የሌለው ጊታር ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ታሪክ የታወቀ ነው፦ «ወታደሩ ጥሎት ሄዶ ነው።»

ይሁን እንበል። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1941) ነው። ስለዚህ ጊታሩ ከዚያ በፊት የተሠራ መሆን አለበት። ይህን ማጣራት ደግሞ ያን ያህል አያስቸግርም።

[ቅርብ ምስል፦ የመቃኛዎቹ ብሎኖች]

መቃኛዎቹን የያዙትን ብሎኖች እዩ። ካቻቢቴ የሚገባበት አንድ መስመር ነው ወይስ መስቀል? ባለ መስቀሉ ብሎን ከአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ተነስቶ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ወታደሩ ይዞት በመጣ ጊታር ላይ ይገኛል ማለት ይከብዳል። ግን በአንድ ብሎን አትፍረዱ። መቃኛ ይቀየራል። አጠገቡ የተደፈነ ቀዳዳ ካለ፣ ወይም የሌላ ብረት ቅርጽ እንጨቱ ላይ ከቀረ፣ ያሁኑ መቃኛ ኋላ የገባ ነው።

በስልካችሁ መብራት የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝም እዩት። የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ከላይ እስከ ታች ከወረደ ሙሉ እንጨት ነው። ተነባብሮ ከታየ ኮምፔርሳቶ ነው። ይሄ ዋጋውን እንጂ ዕድሜውን አይነግራችሁም።

አሁን ገልብጡት። አንገቱ ከሆዱ ጋር የተያያዘው በኮላ ብቻ ነው? ወይስ በብረት ሳህንና በአራት ብሎን?

[ቅርብ ምስል፦ የብረቱ ሳህን]

ሳህን ካለ ነገሩ ይጣፍጣል። ኤኮ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ አንዳንድ የአኮስቲክ ጊታሮቹን፣ ለምሳሌ ሬንጀር የሚባሉትን፣ አንገታቸውን እንዲህ ነበር የሚያስረው። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1959 ያቋቋመው ኦሊቪዬሮ ፒጂኒ ነው። አካባቢው ደግሞ በአኮርዲዮን የታወቀ ነበር። ወጣቱ ልቡ ወደ ጊታር ሲሸፍት የአኮርዲዮን ገበያ ቀዘቀዘ፤ ባለሙያውም ወደ ጊታር ዞረ። ስለዚህ ሻጩ «የጣሊያን ነው» ማለቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ወታደሩ ግን የለበትም!

በሳህኑ ፋንታ አንገቱ ሥር አንድ ብሎን ብቻ ካለ፣ በቁልፍ ሲዞርም አንገቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ፣ ሶቪየት ኅብረትን ጠርጥሩ። ውስጥ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጉ። የሶቪየት ዕቃ ዋጋው በሩብልና በኮፔክ ታትሞበት ነበር የሚወጣው። «ጂ.ዲ.አር.» የሚል ካገኛችሁ ምሥራቅ ጀርመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ውስጥ። ፍራሙስ የሚባለው የምዕራብ ጀርመን ፋብሪካ ደግሞ ሥራ ያቀልላል። ጊታሩ ላይ ከታተመው መለያ ቁጥር መጨረሻ 64 እና ኤል (L) ፊደል ካለ፣ የተሠራው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1964 ነው ማለት ነው። ሁሉም ፋብሪካ እንዲህ ቢያደርግ ምን ነበረበት?

በደርግ ጊዜ ከምሥራቁ ዓለም ጋር የነበረንን ቅርበት ስታስቡት፣ የሩሲያ ጊታር ጎንደር ቢገኝ አይድነቃችሁ። ወታደሩ ከጣለው ይልቅ ለትምህርት ሄዶ የተመለሰ ሰው ይዞት ቢመጣ ይቀርባል።

እባካችሁ፣ ይህን ሁሉ ሳታዩ አናጺ ቤት ወስዳችሁ ቫርኒሽ አታስቀቡት። ወረቀቱንም በእርጥብ ጨርቅ አትሹት። እንዲያምር ብላችሁ ማስረጃውን ታጠፉታላችሁ።

[ምስል፦ የጊታሩ ጀርባ፣ በቀለም የተጻፈ ቁጥር]

አንድ ነገር ቀረ። ጀርባው ላይ ወይም አንገቱ ሥር በቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ? የእኛ መሥሪያ ቤት ወንበርም ጠረጴዛም ሳይለይ የንብረት ቁጥር ይጽፋል። እንዲህ ያለ ቁጥር የፋብሪካውን አገር አይነግራችሁም። ጊታሩ የግለሰብ እንዳልነበረ ግን ይጠቁማል። የቀበሌ ኪነት ቡድን ይሆን? የትምህርት ቤት ሙዚቃ ክበብ? የዚያን ጊዜ ኪነት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ካወቃችሁ ቁጥሩን ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩአቸው።