የፈረሰው ፋብሪካ ግንባር ላይ ይታይ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የአየር ውጊያ ጨዋታ የምትወዱና ኮድ የምትጽፉ የጎንደር ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምሟገተው ለቦምብ ጣዩ ነው። በብዙዎቹ የኦንላይን የአየር ውጊያ ጨዋታዎች ቦምብ ጣይ የሚያበር ልጅ ጭነቱን ይዞ ከፍታ እስኪይዝ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። ከጠላት ተዋጊ አውሮፕላኖች ከተረፈ ፋብሪካው ላይ ይደርሳል፤ ይጥላል፤ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ይቆጠርለታል። ግንባር ላይ ግን የጠላት ተዋጊ የነዳጅ ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። ጥቂት ቆይቶ ፋብሪካውም እንደ አዲስ ቆሞ ይገኛል። ታዲያ ያ ልጅ ምን አተረፈ?

በእውነተኛው ጦርነት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ዒላማ ሁሉ እኩል አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1943 አሜሪካኖች ሽዋይንፈርት ያሉትን የጀርመን የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ሲደበድቡ 60 ቦምብ ጣዮች ጠፉባቸው። ጀርመኖች ግን ከክምችት እያወጡ፣ ምርቱንም በየቦታው እየበተኑ ተቋቋሙት። በ1944 ሜይ ወር ነዳጁ ላይ ሲዘመት ነገሩ ተገለበጠ፤ በኤፕሪል 175,000 ቶን ገደማ የነበረው የአውሮፕላን ቤንዚን ምርት በሴፕቴምበር ወደ 5,000 ቶን ወረደ። አውሮፕላኑ ተሠርቶ ቆሞ የሚነዳበት ጠፋ።

እዚሁ ጎንደር የተከበበው የጣሊያን ጦርም መተኪያ የሚገባበት መንገድ አልነበረውም። ከቀሩት ጥቂት ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1941 ተመትቶ ወደቀ፤ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ናሲ ህዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

ጨዋታውም ይህን ይያዝ። የነዳጅ ማጣሪያው ከተመታ ጉዳቱ እያደር ይሰማ፦ ክምችቱ ሲያልቅ ከዚያ የሚቀዱት አየር ማረፊያዎች ተዋጊዎቻቸውን በግማሽ ታንክ ያስነሱ። ጥገናው ለሰዓት ቆጣሪ ብቻ አይተው። ባቡርና የጭነት አውሮፕላን ዕቃ ሲያደርሱ ይፋጠን፣ እነሱ ሲመቱ ይዘግይ። ያኔ ቦምብ ጣዩን የሚጠብቀው አጃቢም፣ እሱን ለመምታት የሚነሳው ጠላፊም እውነተኛ ሥራ ያገኛሉ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ሌሊት ሰርቨሩ ጭር ሲል ሦስት አራት ልጆች ተከላካይ በሌለበት ሁሉን ቢያፈርሱት፣ ጠዋት የሚገባው ተጫዋች የሚያበረው ያጣል። ተስፋ የቆረጠ ተጫዋች ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ጉዳቱ በሰዓቱ ካለው የተከላካይ ቁጥር ጋር ይመዘን፤ መነሻ የሚሆን ነዳጅም ለማንም አይከልከል።

ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ሁሉንም በአንዴ አትንኩ። ከነዳጁ ጀምሩ፤ በአንድ ካርታ ብቻ ሞክሩት፤ ቦምብ ጣዮቹንም ተከላካዮቹንም አስቀምጣችሁ ጠይቁ።

አመሰግናለሁ።