ቡናው እንዳይደፋ፦ ንዝረትን የሚገታው ጠረጴዛ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ስለማይነቃነቅ ጠረጴዛ ነው የምናወራው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ (በኤሌክትሮን ጨረር እጅግ ጥቃቅን ነገሮችን የሚያሳይ መሣሪያ) የሚቀመጥበት። የማይነቃነቅ እንላለን እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ሲነቃነቅ ነው የሚውለው። ቆይ፣ ይገባችኋል።

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በደንገል ታንኳ እየሄዳችሁ ነው እንበል። እጃችሁ ላይ ጢም ያለ የቡና ስኒ አለ። ማን ቀዳልን አትበሉኝ! ማዕበል መጣ። ክንዳችሁን ላላ ብታደርጉት ፈጣኑን መንቀጥቀጥ ያስቀርላችኋል፤ ዝግ ያለው ማዕበል ግን ስኒውን ይዞት ይሄዳል። በስፕሪንግ ወይም በአየር የሚሠራው ተራ ጠረጴዛ ይኸው ነው። አሁን ዓይናችሁን ቡናው ላይ ትከሉ፤ ወደ ግራ ሲያዘነብል እጃችሁ ወደ ቀኝ። ይሄ ፊድባክ ነው። የሚመጣውን ማዕበል አይታችሁ ቀድማችሁ ከመለሳችሁለት ደግሞ ፊድፎርዋርድ። እጃችሁ ከዘገየስ? ማዕበሉ ሲመለስ እናንተም አብራችሁ ትገፋላችሁ፤ ቡናው ጭናችሁ ላይ! የኮንትሮለሩን (ጠረጴዛውን የሚያዘው መቆጣጠሪያ) የምላሽ ኃይል ከልክ በላይ የጨመረው ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው፤ ጠረጴዛው ራሱ መንዘር ይጀምራል።

የእኛም ጠረጴዛ እንዲሁ ነው፦ ዓይኑ ጂኦፎን (ንዝረት መለኪያ)፣ እጁ ፒዬዞ (ኤሌክትሪክ ሲሰጡት በጥቂቱ የሚዘረጋና የሚኮማተር ቁስ)፣ አእምሮው ኮንትሮለር። በስድስቱም አቅጣጫ (ሦስት መንሸራተት፣ ሦስት መዘንበል)፣ ከ1 ሄርዝ (በሰከንድ አንድ ንዝረት) አካባቢ ጀምሮ። አለቀ።

አሁን ወደ ዘላለማዊው ጥያቄያችሁ፦ «ወፍራም ጎማ ከሥሩ ብናደርግስ?» እሺ። መሣሪያው ጎማው ላይ ሆኖ በ20 ሄርዝ የሚርገበገብ ከሆነ፣ ጎማው ንዝረት መቀነስ የሚጀምረው ከዚያ 1.41 እጥፍ ሲያልፍ ነው። ከ28 ሄርዝ በላይ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው፣ በደቂቃ 1500 ዙር የሚዞረው ጄኔሬተርስ? 25 ሄርዝ! ጎማችሁ ንዝረቱን ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ አሳደገላችሁ። «ሁለት ብንደርብስ?» 20ው ወደ 14 ይወርዳል፤ የጄኔሬተሩ ንዝረት ይቀንሳል። ግን የፎቅ ወለል ብዙ ጊዜ የሚርገበገበው እዚያው ሰፈር ነው፤ አሁን ደግሞ እሱን አሳደጋችሁት። (ይሄን ስሌት የወደዳችሁ ሁለታችሁም ሰብስክራይብ አድርጉ።) እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሁሉ በፊት ጄኔሬተሩን አርቁት።

ገጠማው ላይ፦ ምድር ቤት ምረጡ፣ ወለሉን በጂኦፎን ለኩ። መቆሚያው ድርቅ ያለ ይሁን፤ ተወዛዋዥ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ኮንትሮለሩ ይደናገራል። የማጓጓዣ ብሎኖቹን ፍቱ። ሳይፈታ አብርቶ «አይሠራም» የሚል ሞልቷል! ክብደቱ አምራቹ በወሰነው ልክ፣ መሃል ላይ ይረፍ። የፓምፕ ቱቦ ተወጥሮ ከወለል ወደ መሣሪያው ከሄደ ንዝረቱ በእሱ ይሻገራል፤ በላላ ቀለበት አሳልፉት። መብራት ሲቆራረጥ የንዝረት መከላከያው አብሮ እንዳይጠፋ ዩፒኤስ (በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ያስፈልጋል፤ ማራገቢያ ስላለው ግን ወለል ላይ ይቀመጥ እንጂ ጠረጴዛው ላይ አይውጣ።