ጽንሱ «ዝም አለ» ማለት ምጥ ቀረበ ማለት አይደለም፦ ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ 38 ሳምንቷ ነው። ከትናንት ጀምሮ የጽንሱ እንቅስቃሴ ቀንሶባታል። ጎረቤቶቼ ግን «ሊወለድ ሲል ዝም ይላል» እያሉ ያጽናኑኛል። (ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ ይህን አባባል እባክዎ አይቀበሉት። ቦታው ሲጠበው ርግጫው ወደ መግፋትና መገላበጥ ይለወጥ ይሆናል፤ የእንቅስቃሴው ብዛት ግን ምጥ እስኪመጣም ሆነ በምጥ ጊዜ መቀነስ የለበትም። የእንግዴ ልጁ በቂ ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ጽንሱ ጉልበቱን ለልቡና ለአንጎሉ ይቆጥባል፤ መንቀሳቀስ የሚቀንሰውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስልኩን እንደዘጉ ይውሰዷትና የጽንሱ የልብ ምት ይደመጥ፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መሆን አለበት። የእሷም የደም ግፊት ይለካ። ባለፈው ቀጠሮ «ደህና ነው» ተብላ ቢሆንም ይሂዱ።

የተጠራጠራችሁ ሌሎች እናቶች ደግሞ በግራ ጎናችሁ ተኝታችሁ ቁጠሩ። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ካልሞላ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ የወር አበባዬ የጀመረው ጥር 10 ነው። በካርዴ ላይ የመውለጃ ቀን ጥቅምት 15 ተብሏል፤ እኔ ስቆጥር ጥቅምት 20 ይመጣል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ካርዱ ትክክል ነው፤ ልዩነቱን ያመጣችው ጳጉሜን ናት። 280 ቀን በእኛ አቆጣጠር ልክ 9 ወር ከ10 ቀን ነው። ጳጉሜን በመሀል ካለፈች ግን 5 ቀን ብቻ ይጨመራል፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን 4። 41 ሳምንት ሞልቶ ምጥ ካልመጣ ቤት አይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ነው። ጤና ጣቢያው በእግር 3 ሰዓት ያስኬዳል። እውነተኛውን ምጥ በምን እንለየው? (ከደቡብ ጎንደር)

መልስ፦ የውሸቱ ምጥ ሥርዓት የለውም፤ ስታርፍ ወይም ስትንቀሳቀስ ይተዋታል። እውነተኛው ብዙውን ጊዜ ከወገቧ ይነሣል፣ እየጠነከረ ይሄዳል፣ በመሀል ያለው ፋታም ያጥራል። ለከተማ ሴት በየ5 ደቂቃው መጥቶ 1 ደቂቃ ያህል የሚቆይ ምጥ ለአንድ ሰዓት ከቀጠለ ትነሣ እንላለን። ለእናንተ ግን ያን ጊዜ መነሣት እጅግ የዘገየ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አነጋግራችሁ በ38ኛው ሳምንት ገደማ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው እዚያ ትግባ፤ ከሌለው አቅራቢያው ዘመድ ቤት ትረፍ።

ደም የነካው ንፍጥ መሳይ ፈሳሽ ማየት የተለመደ ነው፤ እንደ ወር አበባ የሚወርድ ደም ግን አደጋ ነው። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ሂዱ። ንጹሕ ሞዴስ ታድርግና ቀለሙን እዩት፤ አረንጓዴ ከሆነ ጽንሱ ማሕፀን ውስጥ ሰገራ ጥሏል ማለት ነው። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከእምብርት በላይ ሕመም ካለ የደም ግፊቷ ጨምሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ማንቀጥቀጥ ሳያስከትል የወረዳችሁን አምቡላንስ ወይም የቀይ መስቀልን 907 ጥሩ። የክትትል ካርዷ ከእጃችሁ አይለይ።