አንድ ፍላሽ፣ አምስት ዲስትሮ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ መምህራን ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ? የቅዳሜ ጠዋት ሥራችሁን ትታችሁ ስለ ኮምፒዩተር ለመስማት ወደዚህ ቤተ መጻሕፍት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ይህን ላፕቶፕ ከፍ አድርጌ ላሳያችሁ። ከኋላ ላላችሁትም ይታያል? ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር፣ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 320 ጊጋባይት ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ድርግም ይላል። ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ስገዛው ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ነበር። ጠዋት አብርቼው፣ ቡና ቆልቼና አፍልቼ ስመለስ ገና እየተንቀራፈፈ ይጠብቀኝ ነበር። የሰፈራችን ጠጋኝ ከፍቶ ካየው በኋላ «ይሄ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ለመለዋወጫ ይሸጥ» አለኝ። ዛሬ ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራበት፣ እኔም የአማርኛ ፈተና የማዘጋጅበት ይኸው ላፕቶፕ ነው። አንድም ዕቃ አልተቀየረለትም። የተቀየረው ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ብቻ ነው፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ገባበት።

እዚህ ለመድረስ ብዙ ዲስትሮ፣ ማለትም ብዙ ዓይነት ሊኑክስ፣ ሞክሬያለሁ። በመሞከሬ የተማርኩት ብዙ ነው፤ በአሞካከሬ ያጠፋሁትም አለ። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት እናንተ ስትሞክሩ ዳኛው የሰው ውዳሴ ሳይሆን የቤታችሁ ሥራ ይሁን ብዬ ነው።

ለአዲሶች በአጭሩ ላስረዳ። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እየሠራ መሆኑን ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991 ነው። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 19 ቀን 1983 መሆኑ ነው፤ ደርግ ከወደቀ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ሊኑክስ ሲባል በጥብቅ ቋንቋ እሱ የጀመረው ከርነል ነው፤ ከፕሮሰሰሩ፣ ከራሙና ከዲስኩ ጋር የሚነጋገረው የውስጥ ክፍል። ከርነል ብቻውን ግን አያገለግልም። መስኮቶቹን፣ ፋይል መክፈቻውን፣ መጻፊያውን፣ ፕሮግራም መጫኛውን አንድ ላይ አሰናድቶ የሚያቀርበው ዲስትሮ ይባላል። ጤፉ ከአንድ ወፍጮ ቢፈጭም የየቤቱ እንጀራ ይለያያል፤ ዲስትሮም እንዲሁ ነው።

ዝምድናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ደቢያንን እ.ኤ.አ. በ1993 ኢያን መርዶክ ጀመረው፤ ስሙንም ከዴብራ፣ ከያኔዋ የፍቅር ጓደኛው፣ እና ከራሱ ስም ገጣጥሞ አወጣው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ2004 ኡቡንቱን ያቆመው በደቢያን ላይ ነው። ሊኑክስ ሚንት ደግሞ ከ2006 ጀምሮ በአብዛኛው በኡቡንቱ ላይ ተሠርቷል። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ማለት ነው። ስለዚህ በአንዱ ፕሮግራም መጫን የተማረ ሰው በሌላኛው አይጠፋውም። ፌዶራና አርች ከሌላ ዘር ናቸው፤ ትእዛዛቸውም ይለያል።

ይህን ጉዳይ አሁን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ እንደኔ ያለ ያረጀ ላፕቶፕ ያን አያሟላም። ስክሪኑ ደህና፣ ኪቦርዱ ደህና፣ ፕሮሰሰሩ ደህና የሆነ ማሽን ዕቃ ቤት ሲጣል ሳይ ያመኛል። ኮምፒዩተር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ተማሪዎች አስተምራለሁና።

ወደ አሞካከሩ ልግባ። ሊኑክስን ለመሞከር ኮምፒዩተሩን ፎርማት ማስደረግ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የለውም። 32 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም ትጭናላችሁ። ይህ ሲጫን ፍላሹን ስለሚያጸዳው ባዶ ፍላሽ ይሁን። ከዚያ የየዲስትሮውን ፋይል እንደማንኛውም ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ታስቀምጡበታላችሁ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ኤፍ 12ን፣ በአንዳንዱ ማሽን ኤፍ 9ን ወይም ኢስኬፕን ተጭናችሁ ፍላሹን ስትመርጡ ዝርዝር ይመጣላችኋል። የፈለጋችሁትን ትከፍታላችሁ፤ ከፍላሹ ተነሥቶ በራም ላይ ይሠራል። «ጫን» ብላችሁ እስካላዘዛችሁ ድረስ ሃርድ ዲስካችሁን በራሱ አይነካውም። ስታጠፉትና ፍላሹን ስትነቅሉ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ነው። ከፍላሽ ሲሠራ ግን ከተጫነው ይዘገያልና በፍጥነቱ ብቻ አትፍረዱበት።

የኔ ፍላሽ አምስት ይዟል፤ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ፣ ደቢያን፣ ሚንትና ፓፒ። ኡቡንቱ መልኩ ያምራል፤ አቀማመጡም የታሰበበት ነው። በዚህ በ4 ጊጋ ራም ላይ ግን ብራውዘር ከፍቼ ሦስት አራት ገጽ ስጨምር ሃርድ ዲስኩ መንኳኳት ይጀምራል፤ ራሙ አልቆ ከዲስኩ እየተበደረ ነው። 8 ጊጋ ራም ላለው ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ቅጂ ያወጣል፤ አዲሱን ቴክኖሎጂ ቶሎ ታገኛላችሁ። አዲስነቱ ግን በዳታ ይከፈላል። የሞባይል ፓኬጅ በሜጋባይት እየቆጠረ የሚገዛ ቤተሰብ በየሳምንቱ የሚመጣውን ዝመና (አፕዴት) ማውረድ ይከብደዋል። ይህ ለእኛ ትልቅ መመዘኛ ነው፤ ከውጭ የሚመጡት ማወዳደሪያዎች ግን ብዙ ጊዜ አይጠቅሱትም። ደቢያን በተቃራኒው በሁለት ዓመት አንዴ ገደማ ነው የሚለወጠው፤ ዝመናውም ጥቂት ነው። ረጋ ያለ ነገር ለሚወድ ደቢያን ነው።

በመጨረሻ የረጋሁት ኤክስኤፍሲኢ በሚባለው የሚንት ዓይነት ላይ ነው። ቀላል ነው፤ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው የሚያውቀውን ዓይነት የታች መደርደሪያና ማውጫ ይሰጠዋል፤ አንዱ ቅጂም ለአምስት ዓመት ድጋፍ ያገኛል። መጀመሪያ ላይ ዋይፋዩ አልታይ ብሎኝ ነበር። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ የስልኩን ኢንተርኔት አጋራሁት፤ የድራይቨር፣ ማለትም እንደ ዋይፋይ ያሉትን ዕቃዎች የሚያሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ማስተዳደሪያውን ከፈትኩ፤ የጎደለውን ራሱ ፈልጎ አወረደ። ከዚያ ወዲህ ዋይፋዩ ጠፍቶ አያውቅም።

ፓፒን ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት። ፋይሉ ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፤ ሙሉ በሙሉ ራም ላይ ስለሚወጣ ሃርድ ዲስኩ በተበላሸ ኮምፒዩተር እንኳ ይነሣል። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘ ፍላሽ ይዛ እያለቀሰች መጣች። ሾርትከት ቫይረስ ገብቶበት ፎልደሮቿ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠዋል፤ ስትከፍታቸው ምንም የለም። ኮፒ ቤት ስታስጠይቅ ፎርማት ከማድረግ ሌላ መላ የለውም ብለዋታል። ፓፒን አስነሥቼ ፍላሹን ስከፍተው ፎልደሮቿ በሙሉ ነበሩ። ቫይረሱ የሚደብቃቸው ዊንዶውስ እንዳያሳያቸው ምልክት አድርጎባቸው ነው፤ ሊኑክስ ግን ያን ምልክት ቦታ አይሰጠውም። ጽሑፏን ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጥንላት። ልጅቷ ፎልደሯን በዓይኗ ስታይ የነበራትን ፊት አልረሳውም።

አሁን ለእኔ ዋናው ወደ ሆነው ልምጣ። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ኮምፒዩተር ፊደሌን ካልጻፈልኝ ምን ያደርግልኛል? የግዕዝ ፊደል፣ ኮምፒዩተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት መለኪያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በቅጂ 3.0 ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በየትኛውም ዲስትሮ አማርኛ ማንበብ ይቻላል፤ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታያችሁ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባለውን ነፃ ፎንት መጫን ነው። ለመጻፍ ደግሞ አይበስ የሚባለውን የኪቦርድ መቀያየሪያና ኤም 17 ኤን የሚባለውን የቋንቋዎች ስብስብ ጫንኩ፤ ከዝርዝሩ አማርኛን መረጥኩ። ኤስን ስጫን «ስ» ወጣች። ኢን (E) ስጨምር ያችው ፊደል ዓይኔ እያየ «ሰ» ሆነች። ኤልን (L) እና ኤን (A) አስከትዬ «ላ»፣ ኤምን ነክቼ «ም»፤ «ሰላም» ብላ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለች። ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ስደግመው አራት ነጥብ ሆኖ ዐረፍተ ነገሩን ዘጋልኝ። በዚህ ላፕቶፕ ላይ ሞት ከተፈረደበት በኋላ የጻፍኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ከዚያ ግን ፈተና ገጠመኝ፤ በእውነተኛ ትርጉሙም ፈተና ነው። በዊንዶውስ በኒያላ ፎንት የጻፍኩት የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሁለት ገጽ ነበር፤ ሊብረኦፊስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ላይ ስከፍተው ሦስት ገጽ ሆኖ መጣ። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ስለሆነ እዚህ የለም፤ በምትኩ የገባው ፎንት ቁመቱ ስለሚበልጥ መስመሩን ሁሉ ገፋው። ለአራት መቶ ተማሪ ሲባዛ አራት መቶ ተጨማሪ ገጽ ወረቀት ነው። መፍትሔው ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ ፈተናውን ከመጀመሪያው በነፃ ፎንት መጻፍ፣ ወደ ማባዣው ሲሄድ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጎ መውሰድ። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት አይዛባም። ይህን ዓይነት ችግር ማንም የሞከረ ሰው አልነገረኝም ነበር፤ የነገረኝ የራሴ ሥራ ነው። እናንተም ስትሞክሩ የራሳችሁን ፋይል ክፈቱበት። የራሳችሁን ፕሪንተር ሰኩበት። ልጆቻችሁ የሚያዩትን ቪዲዮ አጫውቱ፤ ድምፁንም ስሙ።

በፒችትሪ ሂሳብ የምትሠሩ ካላችሁ ግልጽ ልናገር፤ ዊንዶውሳችሁን አታጥፉ። ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ እንጀራችሁ በሱ ላይ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ጫኑ፤ ሲነሣ መርጣችሁ ግቡ። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ከሊኑክስ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጠዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአገር ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ የእኛ ልዩነት ሦስት ሰዓት ነው። በሊኑክስ በኩል በአንድ ትእዛዝ ይስተካከላል፤ በኋላ አሳያችኋለሁ።

ያጠፋሁትንም ልናገር፤ እናንተ እንዳትደግሙት። በአንድ ክረምት ዲስትሮ ስለዋውጥ ከረምኩ። አንዱን በቅጡ ሳላውቀው ስለ ሌላው ጥሩ ነገር እሰማለሁ፤ ማታውኑ እጭናለሁ። ከነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ደክሞኝ ሳለሁ ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ የሚጭነውን ምርጫ ነካሁ። ማስጠንቀቂያው ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሳላነበው አለፍኩት። የታናሽ እህቴ የሠርግ ፎቶዎች እዚያ ነበሩ፤ ሌላ ቦታ አልተቀመጡም። ከዘመድ ስልክ ጥቂቱን ለቃቀምን። አባታችን ሲመርቃት የተነሣው ግን አልተገኘም፤ አባታችንም ዛሬ በሕይወት የለም። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከመጫናችሁ በፊት ፋይላችሁን ውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ። ገልብጣችሁም ከፍታችሁ አረጋግጡ። ባትሪው የማይሠራ ላፕቶፕ ካላችሁ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አትጫኑ፤ መሃል ላይ ከጠፋ ሲስተሙ አይነሣም።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ አንድ ዲስትሮ ከተጫነ ሁለት ሳምንት ሥራዬን ሁሉ እሠራበታለሁ፤ የሌላውን ወሬ በዚያ ጊዜ አልሰማም። ሚንት ሁለት ሳምንቱን ጨርሶ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የእናንተ ቤት ሌላ ሊመርጥ ይችላል፤ ቢመርጥ ደስ ይለኛል።

ከአዳራሹ ኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ አምስቱን የያዙ ስድስት ፍላሾች አስቀምጫለሁ። ላፕቶፕ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚያ እለፉ፤ ያልያዛችሁም በዚህኛው መሞከር ትችላላችሁ። ተማሪዎቼ ኤፍ 12ን መቼ እንደምትጫኑ ያሳዩአችኋል። መጀመሪያ ግን የራሳችሁን አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በፍላሽ ወይም በስልክ አዘጋጁ፤ የምትከፍቱት እሱን ነው። ገመዱን ግን አደራ፣ ማንም እንዳይነቅለው። አመሰግናለሁ።