ተመስገን ስንት ፐርሰንት ነው?

ማህሌት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን አሜሪካ ያሉ የሕመም ሕክምና ክሊኒኮች ቢሊንጋቸውን፣ ማለትም ከኢንሹራንስ ክፍያ የሚጠይቁበትን አሠራር፣ እንዴት ያሻሽሉ የሚል ነው።

ቢኒያም፦ ርዕሱ ላይ ከደረስን ማለትሽ ነው?

ማህሌት፦ እንደርሳለን! ግን መጀመሪያ የአክስቴን ነገር ልንገርህ።

ቢኒያም፦ ይኸው፣ ጀመረች።

ማህሌት፦ ስማኝ፣ ይገናኛል። አክስቴን ወገቧን ያማታል፤ ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ አላት። ሐኪሙ ወገቧ መገጣጠሚያ አጠገብ ያሉትን ነርቮች ለማደንዘዝ የሙከራ መርፌ ወጋት። እኔ ለማስተርጎም አብሬያት ነበርኩ። ከዚያ ነርሷ «ሕመሙ ስንት ፐርሰንት ቀነሰ?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ ምን ብትል ጥሩ ነው?

ቢኒያም፦ «ተመስገን!»

ማህሌት፦ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ደግሜ ጠየቅኳት። «አልኩሽ እኮ፣ ተመስገን ነው» አለችኝ፤ ተቆጣች። ነርሷም «ታካሚዋ ተሽሏታል» ብላ ጻፈችና አለቀ።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ተመስገን ስንት ፐርሰንት ነው?

ማህሌት፦ ጥያቄው እሱ ነዋ! ሜዲኬር ሕመሙን የሚያስተላልፈውን ነርቭ በሙቀት ለማቃጠል ከመክፈሉ በፊት ሁለት የሙከራ መርፌ ይፈልጋል። በሁለቱም ሕመሙ ቢያንስ 80 ፐርሰንት መቀነስ አለበት። «ተሽሏታል» ከተባለ ክሌሙን፣ የክፍያ ጥያቄውን ማለት ነው፣ የሚያየው ሰው ምኑን ያስላ? የማቃጠሉ ክሌም ሳይከፈል ተመልሶ መጣ። የተመለሰበት ምክንያት ኮድ 50፣ «ለሕክምናው አስፈላጊ አይደለም»።

ቢኒያም፦ ወገቧን ይዛ እየተንፏቀቀች «አስፈላጊ አይደለም»! እሷስ ምን አለች?

ማህሌት፦ ምን ትላለች።

ቢኒያም፦ ተመስገን።

ማህሌት፦ (ሳቅ) ደግነቱ ክሊኒኩ የሕመም መመዝገቢያ ቅጽ ሰጥቷት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ልጇ በየሰዓቱ ሞልታላታለች። ከመርፌው በፊት 8፣ በኋላ 1። ቅጹ አራት ቦታ ታጥፎ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጧል! ከይግባኙ ጋር ተያይዞ ሲላክ ተከፈለ። ለመጀመሪያው ይግባኝ ሜዲኬር የሚሰጠው 120 ቀን ነው፤ ደረሰ።

ቢኒያም፦ ታዲያ ይሄ የቢለሯ፣ ክሌሙን የምትልከው ሠራተኛ፣ ጥፋት ነው?

ማህሌት፦ አይደለም! እኔ ሁልጊዜ የምለው ይሄንን ነው። ቢለሯ ኮዱን በትክክል አስገብታለች። ገንዘቡ የጠፋው ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ኖቱ፣ የሕክምና ማስታወሻው፣ ሲጻፍ ነው። ክሊኒኮች ግን ክሌም በተመለሰ ቁጥር ቢለሯን ይቆጣሉ፣ አዲስ ሶፍትዌር ይገዛሉ። ኖቱ ግን ያው ነው።

ቢኒያም፦ መፍትሔው ቀላል ነዋ። ሐኪሙ የሚሞላው ዝግጁ ቅጽ ይኑረው። የትኛው ጎን፣ የትኛው አከርካሪ፣ ስንት ፐርሰንት፣ ለስንት ሰዓት።

ማህሌት፦ ቅጽ አልወድም።

ቢኒያም፦ አሁን በቅጽ አይደል እንዴ የዳናችሁት?

ማህሌት፦ እሱን ታካሚው ነው የሞላው! ሐኪም ጋ ሲሆን ኮፒ ፔስት ይሆናል። የሁሉም ታካሚ ኖት አንድ ዓይነት፣ ሁሉም 80 ፐርሰንት። ኦዲተር ሲመጣ ምን ልትል ነው?

ቢኒያም፦ ቁጥሩን ባዶ ትተይዋለሻ። ሳይሞላ ኖቱ አይዘጋም።

ማህሌት፦ እ... ባዶ ከሆነ እሺ። ግን አሁንም አልወደውም።

ቢኒያም፦ ተመስገን።

ማህሌት፦ እሺ፣ ወደ ርዕሱ። የመድኃኒት ዩኒት! ትራያምሲኖሎን፣ በመርፌ የሚሰጠው ስቴሮይድ፣ የሚከፈለው በየ10 ሚሊግራሙ ነው፤ 10 ሚሊግራም አንድ ዩኒት ነው። ሐኪሙ 40 ሚሊግራም ወግቶ ቢሊንጉ ላይ «1» ተብሎ ሲገባ አይቻለሁ። አንድ መርፌ ነዋ፣ አንድ ይላሉ! አራት መሆን ነበረበት። ሦስት አራተኛው የመድኃኒት ገንዘብ ቀረ ማለት ነው። ደግሞ ክሌሙ አይመለስም፤ ተከፍሎ ይመጣል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ቢኒያም፦ ከተመለሰው ይልቅ እሱ ያናድዳል።

ማህሌት፦ በጣም! የጡንቻ መርፌው ደግሞ በተቃራኒው ነው። እዚያ የሚቆጠረው ጡንቻ እንጂ መርፌ አይደለም። አንድ ጡንቻ ላይ አምስት ጊዜ ብትወጋ የቢሊንግ ኮዱ 20552 ነው። ሦስት ጡንቻና ከዚያ በላይ ሲሆን 20553። ራጅ እያዩ ለሚወጉት የወገብ ነርቭ መርፌ፣ ለኮድ 64483 ማለት ነው፣ የራጁን ክፍያ ለብቻው የሚጠይቁም አሉ። ኮዱ ውስጥ አለ እኮ!

ቢኒያም፦ ፍሮንት ዴስኩንስ፣ ታካሚ መቀበያውን፣ ረሳሽው? እኔ እዚያ ሠርቻለሁ። የኢንሹራንስ ቁጥር በስህተት ከገባ፣ ወይም ፕራየር ኦቶራይዜሽኑ፣ የኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ፣ ለቀኝ ተጠይቆ ግራ ከተወጋ፣ ኖቱ በወርቅ ቢጻፍ አይከፈልም።

ማህሌት፦ እውነት ነው፣ ግን ኖቱ ይበልጣል።

ቢኒያም፦ አይበልጥም።

ማህሌት፦ ቢኒ፣ ስንት ፐርሰንት ትስማማለህ?

ቢኒያም፦ ሃምሳ።

ማህሌት፦ ሜዲኬር ውድቅ ያደርግሃል።

ቢኒያም፦ 120 ቀን አለኝ። በሚቀጥለው ክፍል ፍሮንት ዴስኩን እኔ አቀርባለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ።

ማህሌት፦ እናያለን።