በምስክርነት ነው ወይስ በተጠርጣሪነት?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ ከጎንደር ሆኜ የማነሣላችሁ፣ ፖሊስ ጥያቄ ሲያቀርብልን እንዴት ረጋ ብለን እንደምንመልስና ሕጉ ምን እንደሚፈቅድልን ነው።

ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስንሄድ ባጃጁ ቆሞ መታወቂያ ስንጠየቅ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ከመከራከር ይልቅ እጅን በሚታይ ቦታ አድርጎ ስምንና አድራሻን በትክክል መናገር ነገሩን ብዙ ጊዜ እዚያው ይጨርሰዋል። ከባዱ ጣቢያ መጠራት ነው።

የሰፈሬ ልጅ ነው፤ «ትፈለጋለህ» ተብሎ ስልክ ተደወለለትና እናቱን አስከትሎ እኔ ዘንድ መጣ። እናቱ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ «ምን አድርጎ ይሆን ልጄ?» ይላሉ፤ እሱ ደግሞ ገና ማንም ሳይጠይቀው የሚሰጠውን መልስ ይደረድራል። እኔም «መጀመሪያ አንተ ጠይቅ፤ ‹ይቅርታ፣ የተጠራሁት በምስክርነት ነው ወይስ በተጠርጣሪነት?› በል» አልሁት። ጠየቀ፤ ሱቅ ተሰርቆ ኖሮ በምስክርነት ነበር የተፈለገው።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይምሰላችሁ። በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 30 መሠረት ምስክር የሚያውቀውን በእውነት የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን መልሱ ራሱን በወንጀል የሚያስከስሰው ከሆነ ያንን ጥያቄ አልመልስም ማለት ይችላል። ተጠርጣሪ ግን በአንቀጽ 27 መሠረት ማንነቱና አድራሻው ከተረጋገጠ በኋላ ለቀረበበት ክስ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም፤ የሚናገረውም በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረውና ዝም የማለት መብት እንዲኖረው ደንግጓል። በዚህ አገር ጠበኛ እንኳ «በሕግ አምላክ» ሲባል እጁን ይሰበስብ ነበር፤ እናም ሕግን ጠቅሶ በትሕትና መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠርበት ምክንያት አይገባኝም።

ቃላችሁን ከሰጣችሁ፣ የተጻፈውን ሳታነቡ አትፈርሙ። መርማሪው ቢቸኩልም «ላንብበው» በሉ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ቃል በቃል እንዲነበብለት ይጠይቅ። «እዚያ አካባቢ ሳልፍ ነበር» ያላችሁት «እዚያ ነበርሁ» ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲታረም ጠይቁ፤ ከፈረማችሁ በኋላ «እንዲህ አላልሁም» ማለት ሰሚ ለማግኘት እጅግ ያስቸግራል። ማስፈራሪያ ቢኖር እንኳ አትሳደቡ፣ አትግፉ፤ ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ ስለሚናገር፣ የሆነውን በቃላችሁ ይዛችሁ ለጠበቃችሁና ለዳኛው ንገሩ።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ እንጂ በሁሉም ጣቢያ እኩል እንደማይፈጸም አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛልም። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅትም ከእነዚህ መብቶች አንዳንዶቹ ሊገደቡ ይችላሉ። ሆኖም ከጭካኔና ክብርን ከሚያዋርድ አያያዝ የሚጠብቀን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 በአንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አይገደብም።

በመጨረሻም ለቤተሰብ፤ ሰው ሲያዝባችሁ ስንቅ ከማዘጋጀታችሁ በፊት የተያዘበትን ሰዓት ጻፉ። ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዶቹ፣ ጓደኞቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ጣቢያ ስትደርሱ ተረኛውን ሰላም ብላችሁ፣ በምን እንደተጠረጠረና መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ጠይቃችሁ፣ የነገሯችሁን እዚያው ጻፉት።